የኢሪትና የጋዲ ዘር ቆጠራ

አሽዶድ፣ ኅዳር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ መንበሩ ባይህ
ጎንደር

የእስራኤል አምላክ ጤናዎን ይጠብቅልኝ፣ ጉልበትዎን ያጽናልኝ። ልጅዎ፣ ምራትዎና የልጅ ልጆችዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ ደህና ነን። የስግድን በዓል ኢየሩሳሌም ወጥተን አክብረን በሰላም ተመልሰናል። እናቴ በሕይወት ሳለች "የአጎቴ ልጅ መንበሩ ካልመጣ ስግዱ ስግድ አይመስለኝም" ትል ነበር። እኔም ወርሼዋለሁ መሰለኝ፣ ዘንድሮም ዓይኔ አንቱን ሲፈልግ ዋለ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። በስልክ ያልደወልሁት ጆሮዎ ስለማይሰማ ብቻ አይደለም፤ ነገሩ በምራትዎ አፍ እንዲያልፍ አልፈለግሁም። የሥራዬን ነገር መቼም አብራርቼ ነግሬዎ አላውቅም። ሮቫ ዛይን በሚባለው ሰፈር አንድ የቀን ማእከል እመራለሁ። የሚመጡልን የአእምሮ እድገታቸው ውስን የሆነ ሰዎች ናቸው። ከልደታቸው ጀምሮ እንዲያ ናቸው፣ አሁን ግን ሃያም ሠላሳም አርባም ዓመት ሞልቷቸዋል። ጠዋት አውቶቡስ ከየቤታቸው ያመጣቸዋል፣ ከሰዓት በኋላ ይመልሳቸዋል። ዝም ብለው አይቀመጡም። ማንኪያና ሹካ ከናፕኪን ጋር ያሽጋሉ፣ ችግኝ ያፈላሉ፣ ምሳቸውን ራሳቸው ያዘጋጃሉ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ባሕር ዳርቻ ወርደን እንራመዳለን። "ልጆቹ" ብሎ የጠራቸው ሠራተኛ ከእኔ ጋር ይጣላል።

ከእነሱ መካከል ሁለቱ አስቸገሩኝ። ጋዲ የወይዘሮ ሐረጊቱ ልጅ ነው፤ ሟቹ አባቱ ተገኘ እንግዳው ይባል ነበር፣ የሰቀልት ሰው። ኢሪት ደግሞ የወንድምዎ የዳኘው ልጅ ናት። የአደጋ ሲረን ሲጮህ ጋዲ ቀድሞ ካልገባ ኢሪት መጠለያ አትገባም። እሱም ሳሕኑን እሷ ካላቀረበችለት ምሳ አይበላም። እንዲህ እንዲህ እያሉ ከረሙና ባለፈው ወር እጅ ለእጅ ተያይዘው ቢሮዬ ገቡ። ጋዲ "ብርሃነሽ፣ እኛ እንጋባለን፣ አንቺ አለቃ ነሽ፣ ፍቀጂልን" አለኝ። እኔ ማን ሆኜ ነው የምፈቅደው? እዚህ አገር እንደነሱ ያሉ ሰዎች ይጋባሉ፣ ቤታቸው ረዳት እየገባላቸው ይኖራሉ። ወይዘሮ ሐረጊቱን ባናግራቸው ግን "እስከ ሰባት ቤት ዘራቸው ሳይቆጠር አፌን አልከፍትም" አሉኝ። ቢዛመዱ ነውር ነውና እውነታቸውን ነው።

ስለዚህ አጎቴ፣ በኢሪት በኩል ያለው የራስዎ ዘር ነው። የተገኘንም ቤት ከአንቱ በላይ የሚያውቅ በሕይወት የለም። ይቁጠሩልኝ። ዳኘው ገና አልሰማም። ቆጠራው ንጹሕ ከሆነ እሱን ይዤ ደጁን አንኳኳለሁ፤ ባዶ እጄን ብሄድ ያባርረኛል።

ጉልበትዎን ስማ፣
ልጅዎ ብርሃነሽ


ጎንደር፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለብርሃነሽ

ሰላምሽ ይብዛ፤ ልጆችሽን እግዚአብሔር ያሳድግልሽ። እኛ ከእርጅናና ከብርዱ በቀር ምንም አልሆንም። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጽሕፈትሽ የሐኪም ጽሕፈት ሆኗል፣ ያ ዕብራይስጥ እጅሽን አበላሽቶብሻል፤ ቢሆንም ለቅሜ ለቅሜ አንብቤዋለሁ።

አሁን አንድ ነገር አስረጂኝ። የትኛዋ ኢሪት ናት? ወንድሜ ያለችው አንዲት ኢሪት ናት፣ እሷም ባንክ ቤት ትሠራለች። ዳኘው በደወለ ቁጥር የሚነግረን ይህንኑ ነው። ፎቶግራፏን ልኮልን ግድግዳ ላይ ሰቅለነዋል፣ የመጣ እንግዳ ሁሉ ያየዋል። ያንቺዋ ሌላ ትሆናለች ብዬ ምራቴን አስደወልኋት። እሷም ስልኩን እንደያዘች "ኢሪት ልታገባ ነው አሉ፣ ዘሩ ይቁጠርልን ተብሎ ከአሽዶድ ተጻፈልን፣ እንኳን ደስ አላችሁ!" ብላ እልል አለች። ዘር ይቆጠር ከተባለ ሽማግሌ ተልኮ አልቋል ማለት ነዋ፤ እሷ ምን ታድርግ? ዳኘው ስልኩን ዘጋው። ደግማ ብትደውል አላነሳም።

ነገሩ አላማረኝም። ባንክ ቤት የምትሠራ ልጅ ከእንዲህ ያሉ ምስኪኖች ጋር ምን ታደርጋለች? ወይስ የምትጠብቃቸው እሷ ናት? ግልጹን ጻፊልኝ።

ተገኘን አውቀዋለሁ፣ አባቱን እንግዳውንም አውቀዋለሁ። ቆጠራው ግን እስኪ ይቆይ። እንደምታውቂው ከፋሲካ በኋላ ዳኘው ወደ እስራኤል የምንገባበትን ማመልከቻ ይፈርማል። የሥጋ ወንድም ሆኖ ሊጠራን የሚችለው እሱ ብቻ ነው። እንዲያው ባላስቀይመው እወዳለሁ።

አጎትሽ መንበሩ ባይህ


አሽዶድ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ። ምን አደረጉኝ አጎቴ! ደብዳቤዎ የደረሰኝ ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ ነው።

ምራትዎ በደወለች ማግስት ዳኘው ከሚሠራበት ወደብ የሥራ ልብሱን እንኳ ሳያወልቅ ማእከላችን መጣ። ኢሪት ሽርጧን ታጥቃ ሰላጣ ትከትፋለች። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ "ሠላሳ ዓመት የሸፈንሁትን ገመና ጎንደር ድረስ ወስደሽ አሰጣሽው!" ብሎ ጮኸብኝ።

"ጋሽ ዳኘው፣ ኢሪት ገመና አይደለችም" አልሁት።

"ዳይ! በቃ! ልጄን ቀን እንድትውልበት ነው የሰጠኋችሁ፣ ባል እንድትፈልጉላት አይደለም!"

እጇን ያዘ። ኢሪት "አባ፣ ሥራ ላይ ነኝ" አለችው። ይህን ብቻ ነው ያለችው። ሽርጧን እንደታጠቀች ይዟት ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አውቶቡሳችን እነሱ ደጅ አይቆምም።

እንግዲህ ግልጹን ከጠየቁኝ ይኸው። ኢሪት ባንክ ቤት ሠርታ አታውቅም። የአእምሮ እድገቷ ውስን ነው፣ ከተወለደች ጀምሮ። ማእከላችን ከመጣች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ስሟን ትጽፋለች፣ ሰው ሲያለቅስ ውኃ ታመጣለታለች፣ ነጭ ሽንኩርት የነካ ምግብ አትቀምስም፣ ስትናደድ ጀርባዋን ትሰጣለች። ዳኘው ለእናንተ ሌላ መናገሩን እኔ በምን አውቃለሁ? አንቱ አጎቷ ነዎት፣ ያውቃሉ ብዬ ነው የጻፍሁት። ዘር ይቁጠሩልኝ ማለት እኛ ዘንድ ሰርግ ደረሰ ማለት መሆኑን ግን ማሰብ ነበረብኝ። እሱስ የኔ ጥፋት ነው።

አለቃዬ ሬቪታልም ጠርታ ጠየቀችኝ። "የሰው ገበና ያለ ፈቃድ ለማን ነው የጻፍሽው?" አለችኝ። "ለአጎቷ" አልሁ። "እና?" አለችኝ። ለእሷ አጎት ማለት በዓመት አንዴ ለበዓል የሚመጣ ሰው ነው፤ ምን ብዬ ላስረዳት? ማስጠንቀቂያ ሰጥታኝ ተለያየን።

ጋዲ ጠዋት ጠዋት በአውቶቡሱ የመጀመሪያ ዙር መጥቶ በራፉ ላይ ይቆማል። ሾፌራችን ኮቢ በሁለተኛው ዙር ያመጣውን ሰው ሁሉ አውርዶ ከጨረሰ በኋላ "ኢሪት የለችም" ይለዋል። ጋዲ ይህን እየሰማ አውቶቡሱ ውስጥ ገብቶ ወንበሮቹን ያያል። አጎቴ፣ ቆጠራውን ቶሎ ይላኩልኝ። ሽማግሌዎች ይዤ፣ ዘሩን ይዤ ከገባሁ ዳኘው እንደኔ አይጮህባቸውም።

ልጅዎ ብርሃነሽ


ጎንደር፣ የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለብርሃነሽ

ቤትሽን እግዚአብሔር ይባርክ። ደብዳቤሽን አንብቤ ለማንም አላሳየሁም። ምራቴ "ፎቶግራፉን ላውርደው ወይ?" ብላ ጠየቀችኝና ተቆጣኋት። እዚያው አለ።

ቆጠራው ይቆይ ብያለሁ። እርጅና ነው፣ ስም ይጠፋብኛል። መንገዱም ተዘግቶ ከሰቀልት የሚመጣ ሰው አላገኘሁም።

ይልቅ ይህን ጻፊልኝ። ልጅቱ ስትናገር ሰው ይሰማታል? ራሷ ትለብሳለች? እኔ መኖሬን ታውቃለች?

ዳኘውን አትነካኪው። ልጄ ከነቤተሰቡ ሻንጣውን አስሮ ከተቀመጠ ብዙ ዓመቱ ነው፤ ልጆቹ ዕብራይስጥ እየተማሩ አደጉ። ከፋሲካ በኋላ ስለ ሁሉም ነገር እንነጋገራለን።

አጎትሽ መንበሩ


አሽዶድ፣ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

ጤናዎን ይስጥልኝ። ሰላምታዬን ያሳጠርሁት ንዴቴን መደበቅ ስለማልችል ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።

ባለፈው ሳምንት ዳኘው ቤት ሄድሁ። ሚስቱ በሩን ከፈተችልኝ እንጂ እሱስ ባልከፈተልኝ። ኢሪት ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጣለች፣ ፀጉሯ አልተበጠረም። አይታኝ ተነሳችና "ሀሳዓው መጣ?" አለችኝ፤ አውቶቡሱን ማለቷ ነው። ነጠላ ጫማዋን ፍለጋ ሄደች። አባቷ "ቁጭ በይ!" ብሎ መለሳት።

እለማመነዋለሁ ብዬ ስለ ቆጠራው አነሳሁበት። አልተቆጣም። እንዲያውም ፈገግ ብሎ "ይመጣል፣ አትቸኩይ። መንበሩ ዘመድ ናቸው ብሎ ይጽፋል፤ ያኔ አንቺም ሐረጊቱም ዝም ትላላችሁ" አለኝ።

"ሳይጻፍ በምን አወቁት?" አልሁት።

"ወንድሜ አይደል? ፊርማዬን ይፈልጋል።"

አጎቴ፣ ስም የጠፋብዎ ለካ ለዚህ ነው? ሰርግ በተባለ ቁጥር ከአምቦበርም ከወለቃም ሰው የሚልኩት አንቱ ዘንድ ነበር ብላ እናቴ የነገረችኝ ሰውዬ ሌላ ነው?

ሳይዘገይ ይወቁት። ከትናንት በስቲያ ሲረን ሲጮህ ኢሪት መጠለያ አልገባም አለች። ጋዲ ይግባ ትላለች፣ ጋዲ የለም። አባቷ ሲጎትታት ሁለቱም ደረጃው ላይ ወደቁ፤ ክንዷ አብጧል። ጋዲ ደግሞ ከማእከሉ አምልጦ ብቻውን መንገድ ተሻግሮ ሄዶ፣ ሕንጻቸው ሥር ቆሞ ስሟን ሲጣራ ጎረቤት ፖሊስ ጠራበት። ሬቪታል ቁርጡን ነግራናለች። አንድ ጊዜ ደግሞ ካመለጠ ማእከላችን አይቀበለውም፤ ከከተማ ውጭ በር ተቆልፎ ሰው የሚኖርበት ቦታ ይወስዱታል።

ከተዛመዱ ተዛምደዋል ብለው ይጻፉልኝ። እኔው ራሴ አለያያቸዋለሁ፣ በእናቴ አጥንት። ካልተዛመዱም አልተዛመዱም ይበሉ። አንቱ ዘመድ ናቸው ካሉ ሁላችንም እናምንዎታለን፤ የፈራሁትም እሱን ነው።

ለጠየቁኝ መልሴ ይኸውና። ስትናገር ሰው ይሰማታል። ራሷ ትለብሳለች። አንቱ መኖርዎን አታውቅም።

ብርሃነሽ


ጎንደር፣ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለብርሃነሽ

ፋሲካን እንዴት ዋላችሁ? እግዚአብሔር ለከርሞው በአንድነት ያድርሰን። የዘገየሁት መንገድ ተዘግቶ ነው ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። መንገዱ ሁለት ጊዜ ተከፍቶ ነበር።

ቆጠራው ይኸው። ሁለቱ ቤተሰቦች ባሉበት ጮክ ብለሽ አንብቢው።

ኢሪት የዳኘው፣ ዳኘው የባይህ፣ ባይህ የዋሴ፣ ዋሴ የፈንታ፣ ፈንታ የማለደ፣ ማለደ የካሴ፣ ካሴ የቸኮል፤ የአምቦበር ሰዎች። ጋዲ የተገኘ፣ ተገኘ የእንግዳው፣ እንግዳው የአስረስ፣ አስረስ የአለምነህ፣ አለምነህ የይስማው፣ ይስማው የደስታ፣ ደስታ የባየው፤ የሰቀልት ሰዎች። በእናቶቻቸው በኩል ያለውን በሁለተኛው ወረቀት አስፍሬዋለሁ። በአንዱም በኩል አይገናኙም። ንጹሕ ነው፣ ይጋቡ።

የቆጠርሁት የመጀመሪያው ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዕለት ነው፤ ስም ጠፍቶኝ አያውቅም። ዳኘው በጥር ደውሎ ለምራቴ "ወይ ዘመድ ናቸው ብሎ ይጻፍ፣ ወይ ሌላ ፈራሚ ይፈልግ" አላት። እሷ ደግማ ስትነግረኝ ልጄ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ስድስተኛው ቤት ላይ አንድ ስም ብቀይር የሚመልሰኝ ሰው የለም። ወረቀት አውጥቼ ጀምሬውም ነበር። አባቴ ባይህ ይህን ሲያስተምረኝ አንድ ሰው የዘለልሁ እንደሆነ ከመጀመሪያው ያስጀምረኝ ነበር። "የዘለልኸው ሰው ልጅ አልወለደም ልትል ነው?" ይለኝ ነበር። ብዕሩን እዚያው አስቀመጥሁት፣ እውነቱን ለመጻፍ ግን ድፍረት አጣሁ። ሦስት ወር እንዲያ ሆኜ ቆየሁ።

የቆረጠልኝ ያንቺ መልስ ነው። ወንድሜ እሷን ከእኛ ደበቀ ብዬ ስናደድ ከርሜ፣ ለካ እኛንም ከእሷ ደብቆናል። የገዛ ዘሯን ቆጥሬ የማታውቀኝ ልጅ ናት። አዘንሁ፣ በጣም አዘንሁ። ምስኪኖች ብዬ የጻፍሁትንም ሰርዢልኝ።

ለዳኘውም ይህንኑ ጽፌለታለሁ። እንደማይፈርም አውቃለሁ። ለልጄ ነገርሁት፣ አኮረፈኝ፤ ይገባዋል።

አጎትሽ መንበሩ ባይህ


አሽዶድ፣ ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎና ለማከብርዎ አጎቴ

የእስራኤል አምላክ ውለታዎን ይክፈልልኝ፤ እኔስ ከየት አምጥቼ እከፍልዎታለሁ?

ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ፣ ወይዘሮ ሐረጊቱና ጋዲ ተከትለውኝ ዳኘው ቤት ገባን። ጋዲ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ የአንገቱ ቁልፍ አንቆታል፣ ግን አልፈታም አለ። ዳኘው ደብዳቤዎ ቀድሞ ደርሶት ኖሮ ፊቱ ተለዋውጧል። ተነስቶ አላስወጣንም፤ ሽማግሌ አክብሮ ነው። ሰባቱንም ቤት፣ የእናቶቹንም ጨምሬ አነበብሁ። ስጨርስ "ደግመሽ አንብቢው" አለኝ። ደገምሁት። የአባታችሁ የባይህ ስም ላይ ስደርስ ዓይኑን በእጁ ሸፈነ።

ትልቁ ሽማግሌ "እንግዲህ ዳኘው፣ ዘሩ ንጹሕ ነው። የቀረው የልጅቱ ፈቃድ ነው፣ ጠይቃት" አሉት። ዳኘው ወደ ኢሪት ዞረ።

"ይህን ሰው ትፈልጊዋለሽ?"

"አዎ" አለች ኢሪት። "ሥራዬንም እፈልጋለሁ። ሽርጤን ደብቀህብኛል።"

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። እናቷ ከጓዳ ሽርጡን ይዛ ወጣች፣ ታጥቦ ተተኩሶ ነበር። ዳኘው ሲያየው "አንቺም?" አላት ሚስቱን፤ እሷ ሽርጡን ለኢሪት ሰጠቻት።

ስንወጣ ደረጃው ላይ ተከተለኝ። "እሑድ ሥራ ሲጀመር አውቶቡሱ ይቁምላት። ሰርግ አልደግስም፣ አልከለክልምም" አለኝ። ማመልከቻውን አነሳሁበት። "ወንድሜ መርጧል" ብሎኝ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፣ ሽማግሌዎቹንም ልኬበታለሁ። የማመልከቻው ቀን ትናንት አለፈ፤ አልፈረመም። እኔ ብፈርም በሆነልኝ! እዚህ መሥሪያ ቤት የእናቴን የአጎት ልጅ ዘመድ ብሎ የሚቆጥርልኝ የለም።

ኢሪት ግን መጣች። ጋዲ በራፉ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ከሁሉም ቀድማ ወረደችና "ሳሕንህ የት ነው?" አለችው። ሰው ሁሉ ሥራ አቁሞ አጨበጨበ፤ እኔም ቢሮዬን ዘግቼ አለቀስሁ። የሰርጉ ቀን ከመስከረም በዓላት በኋላ ይቆረጣል ተብሏል፤ ለሁለቱ የሚሆን ቤትና ረዳት ሬቪታል ራሷ እየፈለገችላቸው ነው።

አንድ ነገር ብቻ አስጨነቀኝ። ዘሩ ሲነበብ ኢሪት ስምዎን ሰምታለች። ትናንት ሥራ ላይ ሳለች "መንበሩ አጎቴ ነው?" አለችኝ። ነው አልኋት። "ለሰርጌ ይመጣል?" አለችኝ። እጠይቀዋለሁ ብዬ ሸሸሁ። ዛሬም ጠየቀችኝ። ምን ልበላት?

ልጅዎ ብርሃነሽ


ጎንደር፣ ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለብርሃነሽ

እጅሽ ይባረክ፣ ማእከልሽም ይባረክ። ደብዳቤሽን ለልጄ አነበብሁለት። እስካሁን አኩርፎኛል፣ ነገር ግን እስክጨርስ ተነስቶ አልወጣም።

አልመጣም በያት። ለምን ብላ ከጠየቀችሽ አባቷ ስላልፈረመ ነው በያት፣ እንዳታጣፍጪው። ከእሷ ነገር መደበቅ እዚህ ላይ ይብቃ። ብትቆጣው እሷው ትቆጣው፣ አባቷ ነው። ይቅር ብትለውም እሷው ትበለው።

ከዚያ ቀጥለሽ ደህና አድርገሽ ፎቶግራፍ አንሺያትና ላኪልኝ፣ ሽርጧን እንደታጠቀች። ያን የባንክ ቤቱን ከግድግዳው ላይ አውርጄዋለሁ።

የኢሪት አጎት
መንበሩ ባይህ